«እስኪ ለጥቂት ቀን እጅሽን እንይ»፦ ያለ ክፍያ የሚያሠራ ሙከራ ሕጋዊ ነው?



በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «አስተናጋጅ እንፈልጋለን፣ ልምድ ባይኖርም ችግር የለውም» ይላል። ልጅቷ ትገባለች። ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች ያዩዋትና «እሺ፣ ነገ በጠዋት ነይ። እስኪ ለጥቂት ቀን እጅሽን እንይና እንነጋገራለን» ይሏታል። ስለ ደመወዝ የተነሳ ነገር የለም። እሷም አልጠየቀችም፤ ገና ሥራ ሳትጀምር ገንዘብ የቸኮለች እንዳትመስል ፈርታ። በማግሥቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ወለል ትጠርጋለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ትእዛዝ ትቀበላለች። ጥቂት ቀን የተባለው ሳምንት ይሆናል፣ ሳምንቱ አሥር ቀን ይሆናል። በአሥራ አንደኛው ቀን «ለጊዜው ሰው ሞልቶልናል፣ ስልክሽን ተይልንና እንደውላለን» ትባላለች። እሷ ስትወጣ ሌላ ልጅ ስትገባ በር ላይ ይተላለፋሉ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ወይ ራሱ አይቶታል ወይ ከጓደኛው ሰምቶታል። መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ካፌዎች እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ፣ መልኩ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ፀጉር ቤት «እጅሽ እስኪፈታ» ይባላል፤ ልጅቷ ግን ካጣበችውና ከተኮሰችው ደንበኛ ሁሉ ብር ይሰበሰባል። የግል ትምህርት ቤት «ማሳያ ክፍለ ጊዜ አስተምር» ይልና አንዱ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሳምንት ይሞላል። ልብስ መሸጫ ለበዓል ሰሞን «ለሙከራ» ሦስት ልጅ ይዞ፣ በዓሉ ሲያልፍ ሦስቱንም ያሰናብታል። ጋራዥማ ከድሮም የታወቀ ነው፤ ምሳ በልተህ ዓመት የምትከርምበት ቤት አለ።

የስልኩ ዓለምም የራሱን አምጥቷል። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ታያላችሁ፦ ግራፊክ ዲዛይነር፣ ተርጓሚ፣ ቪዲዮ ኤዲተር፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አስተዳዳሪ። ስታመለክቱ «ፈተና» ይላካል። አንድ ሎጎና ሦስት ፖስተር ሥራ፣ ወይ አሥር ገጽ ተርጉም። ትልካላችሁ፣ መነበቡ ይታያል፣ ከዚያ ዝም። ሃያ ሰው ያመለከተበት ቦታ ላይ ለእያንዳንዱ የተለያየ አሥር ገጽ ቢሰጥ ሁለት መቶ ገጽ መጽሐፍ በነፃ ተተረጎመ ማለት ነው።

እኛም ደርሶብናል። ስሙን የማንጠራው አንድ የፎቶና ቪዲዮ ቤት በጥር የሠርግ ወቅት «ኤዲቲንግ የምትችል ከሆነ እስኪ አንድ ሠርግ ሞክር» አለን። አንዱን ጨረስን። «ጥሩ ነው፣ ግን ሌላም እንይ» ተባለ። ሁለተኛውን ሠራን፣ ሦስተኛውን ሠራን። ሦስት ሳምንት፣ አብዛኛውን ሌሊቱን፤ ቀን ቀን መብራት ስለሚጠፋ። የካቲት ሲገባና ዐቢይ ጾም ሲቀርብ ሠርግ ቆመ፣ የእኛም ሙከራ አብሮ ቆመ። «ገና ትንሽ ይቀርሃል» ነበር መልሱ። የሚቀረን ችሎታ ቢሆን ሦስቱንም ሠርግ ለሙሽሮቹ ባላስረከቡት ነበር። ይህን ግን ያን ቀን መናገር አልቻልንም፤ አመስግነን ወጣን።

እሺ፣ ሕጉስ ምን ይላል?

በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ካፌ፣ ሆቴል፣ ፀጉር ቤት፣ ፋርማሲ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ፋብሪካ፣ ሱቅ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላ ሕግ አለው። ሰው ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከዚህ አዋጅ ውጭ ተደርገዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ በደል ነው፣ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

«ሙከራ» የሚለውን ቃል አሠሪዎች ከራሳቸው አላመጡትም፣ አዋጁ ውስጥ አለ። አንቀጽ 11 ስለ ሙከራ ጊዜ ነው። አሠሪው ሠራተኛውን ለሥራ መደቡ ተስማሚ መሆኑን ለማየት በሙከራ ሊቀጥረው ይችላል ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ፦ «ሊቀጥረው»። የሙከራ ጊዜ የሚባለው ከቅጥር በፊት ያለ ሌላ ዓለም አይደለም፤ ራሱ ቅጥር ነው። ልጅቷ ሙከራ ላይ ነች ከተባለ ተቀጥራለች ማለት ነው። የተቀጠረ ሰው ደግሞ ደመወዝ አለው።

ይህን ራሱ አንቀጹ ግልጽ አድርጎ ጽፎታል። በሕግ፣ በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ሌላ ነገር ካልተባለ በስተቀር፣ ሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለው መብትና ግዴታ ሁሉ አለው። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ካሠሩሽ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አለሽ፣ የሳምንት ዕረፍት አለሽ፣ ደመወዝ አለሽ። «ሙከራ ላይ ስለሆነች አይከፈላትም» የሚለው ቃል አዋጁ ውስጥ የትም ቦታ የለም።

ሌላም አለ። የሙከራ ጊዜ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። በቃል «ሙከራ ነሽ» ስለተባለ ብቻ ሙከራ አይሆንም። አሠሪው ወረቀት ካላስፈረመሽ፣ ሙከራ ነች ብሎ ለመከራከር መሬቱ ይከዳዋል። ርዝመቱም ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። የሥራ ቀን ነው የተባለው፣ ዕረፍት ቀን አይቆጠርም፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ወደ አሥር ሳምንት ግድም ይመጣል። ትልልቆቹ «45 ቀን ነው» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። አልተሳሳቱም፣ የድሮው አዋጅ ቁጥር 377/1996 እንደዚያ ነበር የሚለው። በ2011 ተቀይሯል።

ደግሞ ለአሠሪው የተሰጠው መብት ቀላል አይደለም፣ ይህንንም እናውቀው። በሙከራ ጊዜ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል። ለአሠሪው ሕጉ ያደረገው ውለታ ይሄ ነው፦ በቀላሉ መለያየት። ሠራተኛውም በተራው ያለ ማስጠንቀቂያ ትቶ መሄድ ይችላል። ግን «ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት» እና «የሠራችበትን አለመክፈል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ቤት የሚያምታታው ይህንን ነው፣ አንዳንዱ ሳያውቅ፣ አንዳንዱ እያወቀ።

የሙከራው ጊዜ አልፎ ሥራው ከቀጠለ ደግሞ ውሉ የሚቆጠረው ሙከራው ከተጀመረበት ከመጀመሪያው ቀን ነው። ዓምና እዚያው ቤት ለዚያው ሥራ ተቀጥራ የነበረች ልጅ ዘንድሮ ስትመለስ እንደገና «ሙከራ» ልትባል አትችልም።

«እኛ ገና አልቀጠርናትም እኮ!»

አሠሪው የሚያነሳው ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነው፣ በቀላሉም የሚጣል አይደለም። እንዲህ ይላል፦ ሙከራ ላይ የቀጠርኩት ሰው ቢሆን እውነት ነው እከፍላለሁ፤ እኔ ግን አልቀጠርኳትም፣ ፈተና ነው የሰጠኋት። ጥያቄ ጠይቆ መሸኘትና እጇን አይቶ መሸኘት ምን ለየው?

እውነት ነው፣ ፈተና መስጠት ክልክል አይደለም። ባሪስታ ልትቀጠር የመጣች ልጅ ሁለት ማኪያቶ ሥሪ ብትባል ማንም አይፈርድም። አስተማሪ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ ቢታይ፣ ሹፌር መኪናውን አዙሮ ቢያሳይ፣ ልብስ ሰፊ አንድ ኪስ ቢሰፋ ያው ፈተና ነው። አዋጁም ፈተና ስንት ሰዓት ይሁን የሚል መስመር አላሰመረም። ስለዚህ «ከዚህ ሰዓት በኋላ ይከፈላል» ብለን ቁጥር ብንነግራችሁ ውሸት ነው የሚሆነው።

ግን አዋጁ የሥራ ውል መቼ ተመሠረተ እንደሚባል ይናገራል። አንቀጽ 4 ላይ፣ አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም የተወሰነ ሥራ ለመሥራት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሲስማማ ውል አለ ይላል። «በተዘዋዋሪ» የምትለዋ ቃል ብዙ ትሸከማለች። ሰዓት አስገብተው ሰዓት ካስወጧችሁ፣ ሽርጥ አስታጥቀው ደንበኛ ካስተናገዳችሁ፣ ለምን አረፈድሽ ተብሎ ከተቆጡ፣ ይህ ፈተና ነው ለማለት ይከብዳል። ውሉ ደግሞ የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ በቃልም ይመሠረታል። እንዲያውም በቃል ሲሆን በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። ባይሰጥ ጥፋቱ የሱ እንጂ መብቱ ከሠራተኛው አይወሰድም።

አሠሪው «ደመወዝ ስላልተነጋገርን ውል የለም» ሊል ይችላል። ዳኛ ፊት የሚለይ ነገር ነው፣ እውነቱን እንናገር። ግን ይህ በር ቢዘጋ እንኳ ሌላ በር አለ፣ እሱም ከአዋጁ በጣም የቆየ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2162 አላግባብ ስለ መበልጸግ ነው። በአጭሩ፣ ያለ በቂ ምክንያት በሌላ ሰው ሥራ ወይም ንብረት የተጠቀመ ሰው፣ በተጠቀመበት ልክ ያንን ሰው መካስ አለበት ይላል። ቅጥር ነበረ አልነበረም ብሎ ሳይጠይቅ፣ በማን ድካም ማን ተጠቀመ ብሎ ነው የሚጠይቀው። የጃንሆይ ዘመን ሕግ ለቴሌግራም «ፈተና» ሳይቀር ይሠራል ብለን ስናነብ ገርሞናል።

በሌላ ሀገርም የተጨቃጨቁበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒውዚላንድ ውስጥ «ሳላድ ቦውል» የሚባል ምግብ መሸጫ አንዲትን ሴት ለሙከራ ሦስት ሰዓት ያህል አሠርቶ አሰናበታት። የሀገሪቱ የሥራ ፍርድ ቤት ሠራተኛ ነበረች ብሎ ወሰነ፤ ሥራዋ ለንግዱ ጥቅም ሰጥቷል፣ ክፍያም ትጠብቅ ነበር በሚል። ሦስት ሰዓት! አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ያልተከፈለበት ሙከራ የሚፈቀደው ችሎታን ለማሳየት ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው፤ እንደ ሥራው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ፈረቃ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ ካለፈ ይከፈላል። ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ከተማ ውስጥ አንድ የሻይ ቤት ድርጅት 40 ሰዓት ያለ ክፍያ ሙከራ ጠየቀ ተብሎ ጉዳዩ ፓርላማ ደርሶ ነበር። የሚከለክለው ረቂቅ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የተመደበለት ሰዓት በንግግር አልቆ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ። ስለዚህ ፈረንጅ ሀገር ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ማለት አይደለም።

ፈተና ነው ወይስ ጉልበት ብዝበዛ ለማለት እኛ ራሳችንን የምንጠይቀው አንድ ቀላል ነገር ነው። እናንተ ባትመጡ ያን ቀን ያንን ሥራ ሌላ ሰው ተከፍሎት ይሠራው ነበር? አዎ ከሆነ ፈተና አይደለም።

ሒሳቡን እንሥራው። እንበልና ለአስተናጋጅ በወር 3,900 ብር የሚከፍል ቤት አለ፣ 26 የሥራ ቀን። በቀን 150 ብር ነው። አንድ ልጅ ዘጠኝ ቀን «ሞክራ» ስትሄድ 1,350 ብር ቤቱ ውስጥ ቀረ። ሦስት ልጆች ተከታትለው ዘጠኝ ዘጠኝ ቀን ቢሞክሩ 27 ቀን ሞላ። ቤቱ አንድ ሙሉ ወር አስተናጋጅ ነበረው፣ የደመወዝ መዝገቡ ላይ ግን ማንም የለም። የሚገርመው ደግሞ ይህች ያልተቀጠረች ልጅ ብርጭቆ ስትሰብር «ከሒሳብሽ ይቆረጣል» መባሏ ነው። ከየትኛው ሒሳብ? በነገራችን ላይ ከሚከፈል ደመወዝም ቢሆን ዝም ብሎ አይቆረጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ተስማምታ ካልሆነ በስተቀር መቀነስ አይቻልም፣ በወር የሚቀነሰውም ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

«ስልጠና ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ትንሽ ብልጠት ያለበት ነው፣ ምክንያቱም አዋጁ ራሱ የማስተማርና የማሠልጠን ውልን ከሥራ ውል ለይቶታል። የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ከኮሌጁ ተልኮ ጋራዥ ውስጥ ልምምድ ቢያደርግ የትምህርቱ አካል ነው፣ እሱ ሌላ። ድርጅቱ ራሱ «ለማጅ አድርጌ ይዣታለሁ» ካለ ግን የለማጅነት ውል የራሱ ሥርዓት አለው። በጽሑፍ ይሆናል፣ በሚመለከተው የመንግሥት አካል ይረጋገጣል፣ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሥራው ሁኔታ፣ ደግሞም በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ይጻፍበታል። አዎ፣ ለማጅም ይከፈለዋል። ሽርጥ አስታጥቆ ሻይ ማመላለስ ስልጠና አይባልም።

ሰዎች «የእኛ ባህል ነው፣ ሥራ በአገልግሎት ነው የሚለመደው» ሲሉ ደግሞ አንስማማም። ገጠር ያደገ የጎጃም ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደቦ የጠራ ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ነው የሚጠብቀው። ወንፈል የገባ ሰው የሰው ማሳ ሲያጭድ ዋለ፣ በሳምንቱ የሱም ማሳ ይታጨድለታል። ብድር ነው፣ ቀኑ ይቆጠራል። ወንፈል በልቶ የማይመልስ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ላይ ብቻውን ነው የሚቀረው። ጉልበት ወስዶ «እንደውላለን» ማለት ከየት የመጣ ባህል እንደሆነ አናውቅም።

ታዲያ ለምን ዝም እንላለን?

ከተማዋ ትንሽ ናት። ሥራው የሚገኘው በአብዛኛው በሰው በሰው ነው። አክስትሽ ለጎረቤቷ ነግራ፣ ጎረቤቷ ለባለቤቱ ነግራ ነው የገባሽው። ደመወዜስ ብለሽ ብትጠይቂ የምታሳፍሪው አክስትሽን ነው። አንዳንድ ቤት ደግሞ ለሙከራም ቢሆን ተያዥ ይጠይቃል። ተያዥ የሆነው ሰው ስሙን አስይዟልና፣ ልጅቷ ተጣልታ ብትወጣ ነገ ለሌላ ሰው ተያዥ አይሆንም። እስቲ አስቡት፣ ቤቱ ሠራተኛዬ አይደለችም ይላል፣ ግን ተያዥ አስጠርቶባታል። ሠራተኛ ካልሆነች ተያዡ ለምንድን ነው?

ሌላው ጊዜው ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልሉ ውስጥ ያለውን የምታውቁት ነው። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ በስልክ ሥራ ይሠሩ የነበሩ ልጆች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ያን ጊዜ «ያለ ክፍያም ቢሆን ቤት ከምውል» ያለ ሰው ብዙ ነው፣ አንፈርድበትም። ለአሠሪዎችም ፍትሐዊ እንሁን፤ ብዙ ትንንሽ ቤቶች ኪራያቸውን መክፈል አቅቷቸዋል። ለሠራተኛ የሚከፍሉት ካጡ ግን ያጡት እነሱ ናቸው እንጂ ጉዳቱ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መተላለፍ የለበትም።

ሀገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኞች የወጣ አነስተኛ የደመወዝ ወለልም የላትም። የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል፣ ወለሉ ግን አልወጣም። ወለል ሲኖር ቢያንስ «ስንት ነው የሚገባኝ» የሚለው ጥያቄ መልስ ይኖረዋል። አሁን ግን ዳኛ ፊት ስትቀርቡ መጀመሪያ «ስንት ነበር የተስማማችሁት?» ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ዋናው ነገር ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያለው ምሽት ነው። ጥያቄው ድፍረት አይደለም፣ በትሕትና ይጠየቃል፦ «ጋሼ፣ ሙከራው ስንት ቀን ነው? ቀኑስ ይታሰብልኛል?» በአካል ማለት ከከበዳችሁ በጽሑፍ ላኩ። «ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ለሙከራ እንደተባባልነው እመጣለሁ። ደመወዙ በወር 3,900 ብር እንደሆነና የሙከራው ቀናት እንደሚታሰቡ ተረድቻለሁ፣ ካልሆነ ያሳውቁኝ» ብትሉ ጨዋነት ነው። ደግሞም ማስረጃ ነው። «እሺ» ብለው ቢመልሱ የበለጠ ማስረጃ ነው። ተቆጥተው «አትምጪ» ካሉ ደግሞ አሥር ቀን አተረፋችሁ።

ከገባችሁ በኋላ ቀኑን ጻፉ። ስልካችሁ ላይ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየማታው መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር የተነሳችሁት ፎቶ፣ «ነገ ቀደም ብለሽ ነይ» የሚል መልእክት፣ ለደንበኛ የሰጣችሁት ደረሰኝ፣ ጉርሻ በቴሌብር ገብቶላችሁ ከሆነ እሱም፣ ሁሉም እዚያ ቀን እዚያ ቤት እንደነበራችሁ ይናገራል። ማንንም በድብቅ መቅረጽ አያስፈልግም።

በኦንላይን ፈተና ለምትሰጡ፦ ናሙና ሲባል ትንሽ ነገር ነው። አሥር ገጽ ከተላከላችሁ አንድ ገጽ ተርጉማችሁ «ቀሪውን በስምምነት» በሉ። ሎጎ ስትልኩ ስማችሁን መሐሉ ላይ ደብዘዝ አድርጋችሁ አትሙበት፣ ዋናውን ፋይል አትላኩ። ከዚህ በፊት የሠራችሁትን ማሳየት አዲስ ከመሥራት ይሻላል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፈጠራ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተሠራ ጀምሮ ነው፣ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሳይከፍሉና ሳያስፈቅዱ ፖስተራችሁን ገጻቸው ላይ ከለጠፉ ስክሪንሾት አንሱ፣ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ። ፈተናውን ለመውሰድ «የመመዝገቢያ» ብር ላኩ የሚላችሁ ካለ ደግሞ ሥራ የለም፣ ሌባ ነው። በዚያው ዝጉት።

ተሠርቶ ካለቀና ካልተከፈላችሁ መጀመሪያ በግልጽ ጠይቁ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። የሥራ ውል ሲቋረጥ ያልተከፈለ ደመወዝ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ ከዋናው ክፍያ ሌላ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል። ይህን መጥቀስ ብቻውን አንዳንዴ ኪስ ያስከፍታል።

እምቢ ካሉ ሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ብዙ ሰው አሁንም «ሠራተኛና ማኅበራዊ» የሚለው ነው። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘርፍ ነው። እዚያ ካልተቋጨ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ የሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልበትም፣ ስለዚህ «ለክስ ገንዘብ ከየት አመጣለሁ» ብላችሁ አትቅሩ። አቤቱታ መጻፍ ካስቸገራችሁ ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠት የተለመደ ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የሕግ ትምህርት ቤት አለው፣ ሄዶ መጠየቅ ብር አያስወጣም። ተራ በተራ እዚያው ቤት «የሞከራችሁ» ልጆች ከተገናኛችሁ ደግሞ አብራችሁ ሂዱ። አንዷ ስትናገር «ሰነፍ ስለነበረች ነው» ይባላል፤ ሦስት ሲሆኑ ግን ሦስቱም ሰነፍ ነበሩ ማለት ይከብዳል።

እናንተም ያጋጠማችሁ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ስማችሁንም የቤቱንም ስም አናወጣም። አሠሪ የሆናችሁና የምትከፍሉ ካላችሁም ጻፉ፣ እንዴት እንደምታደርጉት ማወቅ እንፈልጋለን። ሙከራውን ሁለት ሰዓት ብቻ አድርጎ፣ ምሳ ጋብዞና የትራንስፖርት ሰጥቶ የሚሸኝ ቤት እንዳለ ሰምተናልና።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፣ ቀኑ ይሄዳል። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። «ይደውሉ ይሆናል» እያሉ መጠበቅ ጥቅሙ ለማን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል። እኛ ይህን ስናውቅ የጥሩ ሠርግ ካለፈ ስምንተኛ ወራችን ነበር። ከሦስቱ የመጀመሪያው ቪዲዮ እስካሁን እዚያው ቤት ስክሪን ላይ ለደንበኛ ናሙና ሆኖ ይታያል። ባለፈው በዚያ በኩል ስናልፍ አንዲት ሙሽራና እናቷ ቆመው እያዩት ነበር፣ እናትየው «እንደዚህ አርጉልን» ይላሉ።